በኪሎ ስንት

ከኦምስክ ጫፍ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ወዲያ፣
ጭቃ የዋጠው ግቢ አለ፤ የቁርጥራጭ ብረት ገበያ።
ሳቬሊ ከሚዛኑ አጠገብ፣ ጓንቱ የተቀደደ፣
ክንፏን በመጋዝ ገዝግዞ ገና አሁን ከላይዋ ወረደ።

«አሉሚኒየሟ ንጹሕ ነው፣» አለኝ፣ «ዋጋውም ደኅና፤
እንዲህ ያለ ብረት ዛሬ አይሠሩምና።»
ሥጋ ሻጭ ይመስላል፤ አንገቷን ለብቻ፣
ጎድኗን ለብቻ ደርድሯል በዚያ ጭቃ ዳርቻ።

ቱ-መቶ ሃምሳ አራት። እኛ ግን «ቱሽካ» እንላት ነበር፣ ለቁልምጫ፤
ቃሉ በሩሲያኛ ገላ ነው፤ የታረደ፣ የተገፈፈ፣ የቀረበ ለምርጫ።
ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤
የእሷን ያወጣነው ግን እኛ ነን፤ ክንፍ ስላላቸው ብቻ
መልአክ ነን የሚሉ ልጆች፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው የሚቀልዱ፣ የሚበሉ።

አራት ነበርን በዚያች ጠባብ ክፍል፣ ቀለሟ የባሕር አረንጓዴ፤
ሪናት ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ደቂቃ የሚቆጥብ እንደ ነጋዴ፤
ዛካር ከኋላዬ፣ ዓይኑ በመርፌዎቹ ተሰክቶ፣
የሞተሮቹን ሳል እንደ ሐኪም ከሁላችን ቀድሞ ሰምቶ፤
ምክትሌ አርሴኒ፣ ኪሱ ሙሉ የሱፍ ፍሬ፣
ስንወርድ ብቻ የሚቋረጥ የማያልቅ ወሬ።
ሦስቱም ሞተር ከጅራቷ ነው፤ ጩኸቱ ለኋላ ሰው፤
ከፊት ጸጥታ ነበር፣ ነፋስ ብቻ መስታወቱን ሲዳስሰው።

ከባድ ነበረች። ይህን ለማያውቅ እናገራለሁ፤
እጅ አትሰጥም፤ ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል በትከሻዬ አውቃታለሁ።
ኖሪልስክ፣ ከዜሮ በታች አርባ ሦስት፣ ነፋሱ ከጎን፣
በረዶው እንደ ዱቄት መንደርደሪያው ላይ ሲበተን፤
ሪናት ከፍታ ይቆጥራል፣ «ስልሳ... ሃምሳ... አርባ...»
እኔ አፍንጫዋን አጣምሜ እንደ ሸርጣን ስገባ።
ጎማው መሬት ሲነካ ከኋላ አንዲት ሴት አጨበጨበች፤
«ለኔ ነው፣» አለ ዛካር። ቱሽካ ዝም አለች።

ስለሞተች ብዬ አላሽሞነሙናትም፤
ፍጥነቷን የነጠቋት ቀን ይቅርታ አታውቅም።
ግሌብን ወሰደችው። በዚያ ሳምንት በስሕተት ኮፍያ ተለዋውጠን፣
የኔ ከሱ ጋር ወደቀ፤ የሱ እኔ ዘንድ ቀረ፣ ልክ ሆነን።
በማግስቱ በእኅቷ በረርኩ፤ መንገደኛው ተሰልፎ ነበር፤
ቀይ ጓንት ያጠለቀች ሕፃን ቆማ ታየኝ ከበር።

የጣላት ማዕበል አይደለም፤ የጣላት የሒሳብ ወረቀት፤
ነዳጅ ስትጠጣ እንደ ሠርገኛ ነበረች፣ መጠን አልነበራት።
አዲሶቹ ሁለት ሞተር፣ ሁለት ሰው፣ ቁጥቦች፣ ዝምተኞች፤
ሪናትን ስክሪን ተካው፤ ዛካርን ጥቂት ቁጥሮች።
አልረግማቸውም። የልጄ ልጅ በነሱ ሄዶ በሰላም ይገባል፤
መስኮቱን ሸፍኖ፣ ደመና ላይ ሆኖ፣ ስልኩ ላይ ደመና ያያል።

«መሪዋስ?» አልኩት ሳቬሊን። «አንድ ባለ ምግብ ቤት ገዛው፤
ከቢራ በርሜሉ በላይ ሊሰቅለው።»
ጎንበስ ብዬ ገባሁ፣ በተቆረጠው አፍንጫ፣ እንደ ድሮዬ፤
ሽቦው እንደ አንጀት ተዘርግፏል። ወንበሬ የለም።
ከወለሉ ስንጥቅ ግን አንዲት የሱፍ ቅርፊት፤
አርሴኒ፣ አንተ ቆሻሻ፣ አልኩ፣ ብቻዬን ስቄ።

ከመስታወቱ ሥር ያቺ ትንሽ ማራገቢያ አለች፣ ክንፎቿ ጎማ፤
ነቀልኳት። «ውሰዳት፣» አለ ሳቬሊ፣ «ለሽማግሌ በነጻ።»
«መዝናት፣» አልኩ። «በኪሎ ስንት ነው?»
መርፌው እምብዛም አልነቃነቀም። ሳንቲሞቹን ቆጠርኩለት።

ማታ ወጥ ቤት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት፤
የቤታችን መብራት ለእሷ አይሆንም፣ ያቃጥላታል።
እንግዲህ አጎነበስኩና እፍ አልኩባት።
አንዴ አንገራገረች፤ ከዚያ ዞረች።
ከፊቴ የተቀመጠችው ራኢሳ፣ ዓይኗን ከሹራቧ ሳታነሳ፣
«መስኮቱን ዝጋው፣» አለች፣ «ነፋስ ገባ።»